የገዛ አገርን መማር ምን ያበላል?

ባለፈው ሰኔ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ግሽ አባይ በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ካለችው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ዝናቡ ይመጣ አይመጣ እንደ ሆነ ደመናውን ስመለከት፣ ታላቅ እኅቴ ልጇን አስከትላ መጣች። እኅቴ ነገር ሲኖራት ከጫማዋ ይታወቃል፤ ለወትሮው ወደ እኔ ዘንድ በነጠላ ጫማ የምትመጣው ሴት የዚያን ዕለት የማኅበር ጫማዋን ተጫምታለች። ልጂቱ ደግሞ አንድ የታጠፈ ወረቀት በእጇ ይዛ ዝም ብላ ትከተላለች። ሰላምታው እንኳ በወጉ ሳያልቅ፣

«እስቲ አንተ ምከራት፤ እኔስ አፌ ደከመ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጂቱ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ፈጽማለች፤ ውጤቷም ደኅና ነው። ከእንግዲህ የምትማርበትን የትምህርት ክፍል መርጣ ፎርም መሙላት ይኖርባታል፤ የተሰጣትም ቀን እስከ ዓርብ ነው። እናቷ «አካውንቲንግ» ብላ ቈርጣለች። ልጂቱ ግን ከታጠፈው ወረቀት በመጀመሪያው መስመር ላይ በእርሳስ «የአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ» ብላ ጽፋለች። በእርሳስ መጻፏ ለእናቷ የተወችው ትንሽ ተስፋ ይመስለኛል።

«አማርኛ ደግሞ ምኑ ይማሩታል? እኔ ሳልማረው ስናገረው አልኖርሁም?» አለች እኅቴ።

አንባቢዬ ሆይ፣ እኅቴ ልጇን ወደ እኔ ያመጣቻት ለምክር ብቻ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ለማስረጃም ጭምር ነው። እኔ ከብዙ ዓመት በፊት ያንኑ ትምህርት ተምሬ የተመረቅሁ ሰው ነኝ። ዛሬ የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ነው፤ ፋይል እቈጥራለሁ፤ ደብዳቤ እመዘግባለሁ። እውነት ለመናገር፣ ከመሐንዲሱ ጀምሮ እስከ ሒሳብ ሹሙ ድረስ «ይህችን ደብዳቤ በደኅና አማርኛ አስተካክልልኝ» እያለ ወደ እኔ የማይመጣ ባልደረባ የለም፤ ዳሩ ግን ለማስተካከያው የሚከፈል አበል የለም። እንግዲህ እኅቴ በዓይኗ «ተመልከቺው፤ ይኸውልሽ ፍሬው» እያለች ቡና ልታፈላ ወደ ጓዳ ገባችና እኔና ልጂቱ ብቻችንን ቀረን።

ለምን አማርኛን እንደ መረጠች ጠየቅኋት። በመጀመሪያው ዓመት አንድ መምህር፣ ተማሪዎቹ ሁሉ ከቤታቸው ካለ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ዘንድ ተቀምጠው የሚሰሙትን ንግግር ቃል በቃል ጽፈው እንዲያመጡ አዝዘው ነበር አለችኝ። እርሷም አያቷ ዘንድ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ስጽፈው ግማሹን እንደማላውቀው ገባኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አብሬያት ስኖር የምሰማት ይመስለኝ ነበር።»

ይህን ስትል ሆዴ ባባ። ሆኖም እኅቴ አምናብኛለችና የራሴን ታሪክ ሳልደብቅ ልነግራት ወሰንሁ።

እኔ የተማርሁት ከዚህ ራቅ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በመጨረሻው ዓመት ለመመረቂያ ጽሑፍ የመረጥሁት ጉዳይ የጣና ታንኳ ነበር። በጣና ዳር ያደገ ልጅ ታንኳን እንደ ቤት ዕቃ ስለሚያየው የሚጠና ነገር መሆኑ አይታሰበውም፤ እኔንም ያነቃኝ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። «ከሣር የተሠራ ጀልባ ሰው ጭኖ ይሄዳል?» ብሎ አላምን አለኝ። ለዕረፍት ወደ ቤቴ ስመለስ በሐይቁ ዳር ታንኳ ከሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሽማግሌዎች ካንዱ ዘንድ ለመድሁ። ደንገሉ እንዴት እንደሚታጨድ፣ ስንት ቀን በፀሐይ እንደሚደርቅ፣ እንዴት እንደሚጠፈር እየተቀመጥሁ አየሁ። ታንኳ ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ከሥራ መልስ እንደ ልብስ አውጥተው ያሰጡታል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነውና የሠሪው እጅ ሥራ አይፈታም። እኔን የማረከኝ ግን ቃሉ ነበር። ለእያንዳንዱ የታንኳ ክፍል ስም አለው፤ ለነፋሱ እንደ ሰዓቱና እንደ አቅጣጫው ስም አለው፤ ዓሣውንም እኛ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ ብለን በሦስት ቃል የምንጨርሰውን እርሳቸው እንደ መጠኑና እንደሚገኝበት ቦታ ይለያዩታል። ሽማግሌው በእኔ ይስቁ ነበር። «ይህን ለማወቅ ነው አስኮላ የገባኸው? ቀድሞ ብትነግረኝ በነጻ አስተምርህ አልነበረም?» ይሉኝ ነበር።

ሁለት ደብተር ሞላሁ። ተመልሼ ስሄድ ትምህርት ክፍሉን የሚመራው ሰው ተለውጦ ቈየኝ። እኔ በነበርሁበት ዘመን በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ኀላፊ ተፈራርቋል፤ ሁሉም «ተጠባባቂ» ነበሩ። ተጠባባቂ የሚባል ሹመት ምን እንደ ሆነ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰውዬው ወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይደላደልም። የተመደቡልኝ አማካሪ መምህር ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሄዱ፤ በእርሳቸው ቦታ የተተኩት በሌላ ከተማ የትርፍ ሰዓት ሥራ ስለ ነበራቸው ሁለት ጊዜ ብቻ አግኝቻቸዋለሁ። ጽሑፉን ጨርሼ ለኀላፊው ባስረክብ በእጃቸው መዘን አደረጉና «ገጹ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሌላ ጥያቄ አልነበረም። ውጤት ተሰጠኝ፤ መጥፎም አልነበረም። ጽሑፉ ለአንድ ቀን ተመልሶልኝ ገጹን ሁሉ ገለጥሁት፤ ከዳር እስከ ዳር አንዲት የእስክሪብቶ ነጥብ አላረፈችበትም። እስከ ዛሬ ድረስ የሚቈጨኝ እርሱ ነው። ብዙ ስሕተት እንደ ነበረበት እኔ ራሴ አውቃለሁ፤ ተሳስተሃል የሚለኝ ሰው አጥቼ ተመረቅሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለአንድ ጉዳይ ፈልጌው ብሄድ የትምህርት ክፍሉ መጋዘን ለሌላ ሥራ ተሰጥቷል። የተማሪዎች ጽሑፍ በገመድ ታስሮ መተላለፊያው ላይ ተደርድሮ አየሁ፤ ከፊሉ ዝናብ ነክቶታል። የእኔን ግማሽ ቀን ፈልጌ አጣሁት። ሁለተኛው ቅጂ የተከራየሁበት ቤት ውስጥ ቀርቶ ነበርና እርሱም ጠፍቷል። በእጄ የቀረው ከሁለቱ ደብተሮች አንዱ ነው። ከዚያ ወዲያ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «በማንኛውም ዲግሪ» የሚል ሥራ ባየሁ ቍጥር አመለክት ጀመር፤ አንዱ ቀናኝ።

ይህን ሁሉ ነገርኋትና ቡናው እስኪደርስ ዝም አልሁ። ልጂቱ ወረቀቷን እያጣጠፈች ጥቂት አሰበችና፣

«ታዲያ ጋሼ፣ ጥፋቱ የትምህርቱ ነው ወይስ የመሪዎቹ?» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ባልጠበቅሁት ሰዓት መጣብኝ። «እስከ ረቡዕ ላስብበት» ብዬ ሸኘኋቸው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝና አባቴን አስታወስሁ። አባቴ በልጅነታቸው በጎጃም የቅኔ ተማሪ ነበሩ፤ እስከ መወድስ ደርሰው የአባታቸው ሞት ወደ እርሻ መልሷቸዋል። ስለ ቅኔ ቤት ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚያነሡት ረኃቡንና ውሻውን ነው፤ ቍራሽ ለመለመን አኩፋዳ አንግቶ በየደጁ የቆመ ተማሪ ውሻን አይረሳም። እኔ ግን የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነበር። ተማሪው ቀን ጫካ ገብቶ ቅኔውን ሲቈጥር ይውላል፤ ሲመሽ ከመምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል። የኔታ ያዳምጣሉ፤ ቤት ሲጐድል፣ ምሥጢሩ ሲዛባ እዚያው ያርማሉ። ጀማሪውን ጉባኤ ቃና የሚያስነግረው ደግሞ ከእርሱ የቀደመው ተማሪ ነው፤ እንዲህ እያለ እስከ የኔታ ይደርሳል። ሕንጻ የለም፤ በጀት የለም፤ የደመወዝ ጭማሪም የለም። ነገር ግን ዛሬ የደከመበትን ነገር ሳይሰሙለት የሚያድር ተማሪ የለም። ሐዲስ ዓለማየሁም፣ ዮፍታሔ ንጉሤም ከዚያው ከጎጃም የቅኔ ምድር የወጡ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የዘመናዊ ልብ ወለድ ይሁን እንጂ የጸሐፊው ጆሮ የተሳለው በቅኔ ቤት መሆኑን አማርኛው ራሱ ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ የቅኔ ቤትን አለልክ ማሞገስ አይገባም። ስንቱ ልጅ በረኃብና በበሽታ መንገድ ላይ እንደ ቀረ አባቴ ስም እየጠሩ ይቈጥሩ ነበር። ሴት ልጅ ከዚያ ጉባኤ መግባቷ ከስንት አንድ ነው። ከሁሉም ይልቅ አንድ ትልቅ ድካም ነበረበት፤ መምህሩ ሲሞቱ «ጉባኤው ተፈታ» ይባላል። ተማሪው አኩፋዳውን አንሥቶ ሌላ መምህር ፍለጋ ይሄዳል። መሪው ሁሉንም ነገር በራሱ ውስጥ ከያዘው፣ እርሱ የሄደ ዕለት ቤቱ ባዶ ነው። ከእኔ ትምህርት ክፍል ጋር በተቃራኒው ገጽ ያለ ችግር ነው፤ እዚያ ወንበሩ አለ፣ ሰው የለም፤ እዚህ ሰው አለ፣ ወንበሩ አይቈይም።

በማግሥቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሐሳቤ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። በ1940ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገና ጥቂት ተማሪዎች በነበሩት ጊዜ፣ የመጻሕፍት ቤቱ ኀላፊ ፖላንዳዊው እስታኒስላው ኾይናትስኪ ነበሩ። በኮሌጁ ውስጥ የሕዝብን ባህልና ልማድ የሚያጠና የተማሪዎችና የመምህራን ማኅበር ተቋቋመ፤ እርሳቸውም ዋና አንቀሳቃሹ ነበሩ። ተማሪዎቹ ስለ ሰርግ፣ ስለ ቀብር፣ ስለ እርሻ፣ የመጡበት አገር እንዴት እንደሚያደርግ ይጽፉ ነበር፤ ጽሑፋቸውም በማኅበሩ መጽሔት ይታተም ነበር። እስቲ አስቡት፤ ከገጠር የመጣ የሃያ ዓመት ልጅ የእናቱን ደጅ ልማድ ጽፎ በኅትመት ሲያየው! ኾይናትስኪ ደግሞ ጥንታዊ ሥዕልና መስቀል ከየነጋዴው እየገዙ ያከማቹ ነበር። ያ ክምችት በኋላ የትልቅ ሙዚየም መሠረት ሆነ።

ከ1953 ዓ.ም. የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት መኖሪያው እዚያ ሆነ። የመጀመሪያው ዲሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ ኾይናትስኪም የመጻሕፍት ቤቱንና የሙዚየሙን ሥራ ያዙ። በዚያው ሰሞን የተቋሙ መጽሔት መታተም ጀመረ። ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠና ቤት የመጀመሪያ መሪዎቹ እንግሊዛዊና ፖላንዳዊ መሆናቸው የሚከነክነው ሰው አለ፤ እኔንም በተማሪነቴ ይከነክነኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን የማያቸው ከአሥር ዓመት በላይ በአንድ ወንበር የቈዩ፣ የሰበሰቡትን በመደርደሪያ አስቀምጠው ለተተኪ ያስረከቡ ሰዎችን ነው። ተተኪዎቹም መጡ። በ1972 እ.ኤ.አ. ስለ መካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የታወቀውን መጽሐፍ ያሳተሙት ታደሰ ታምራት ቈይተው የዚያው ተቋም ዲሬክተር ሆኑ፤ ከእርሳቸውም ወዲህ ባሕሩ ዘውዴ መርተውታል። ቅኔ ቤቱ ያጣው ነገር ይህ ነበር፤ መምህሩ ቢሄድ ጉባኤው አልተፈታም።

እኔን ይበልጥ የሚያስቀናኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያ የጻፏቸው ወረቀቶች አልተጣሉም፤ ተጠርዘው በመጻሕፍት ቤቱ ተቀመጡ። ዛሬ ትልልቆቹ ሊቃውንት ሳይቀሩ በመጽሐፋቸው ግርጌ የእነዚያን ተማሪዎች ስም ይጠራሉ። የራሳችንን ከተማ ብንወስድ፣ ባሕር ዳር ከጠላት ወረራ ጀምሮ እስከ አብዮቱ ዋዜማ ድረስ እንዴት እንዳደገች የሚተርከው ዋና ሥራ በ1988 እ.ኤ.አ. ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቀረበ የማስተርስ ተማሪ ጽሑፍ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መቼ ቆመ፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ለከተማዋ ምን አመጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወደዚያው ይላካል። ያ ወረቀት በገመድ ታስሮ መተላለፊያ ላይ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ከተማችን የልጅነት ታሪኳን ባጣች ነበር።

ሰኞ ዕለት በቢሮ የምሳ ሰዓት ላይ ይህንኑ ለአንድ ባልደረባዬ ሳጫውተው፣ «የድኻ አገር ጣጣ ነው፤ ሠልጥነው የጨረሱት አገሮች ይህ ችግር የለባቸውም» አለኝ። አይደለም። በአሜሪካ ከሜክሲኮ፣ ከፖርቶ ሪኮና ከሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮች ዝርያ ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቈጠራ 62 ሚሊዮን ደርሰዋል። ነገር ግን እስከ 1960ዎቹ ድረስ ልጆቻቸው በዩኒቨርሲቲ ስለ ራሳቸው ታሪክ የሚማሩበት ክፍል አልነበራቸውም። በመጋቢት 1968 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ በሺሕ የሚቈጠሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክፍላቸውን ጥለው ወጡ፤ ሳል ካስትሮ የተባለ መምህርም አብሯቸው ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት በካሊፎርኒያ በሳን ፈርናንዶ ሸለቆ ኮሌጅ ሮዶልፎ አኩኛ የሚባለው የታሪክ መምህር የሜክሲኮ አሜሪካውያን ጥናት ክፍል አቋቋመ፤ ይህ ክፍል እስከ ዛሬ አለ፤ ኮሌጁ ዛሬ የኖርዝሪጅ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። እዚያም አገር እናቶች «ይህ ትምህርት ምን ያበላል?» ማለታቸው አልቀረም። ራሳቸው መምህራን ሳይቀጠሩላቸው ከየክፍሉ በውሰት ሰው እየተጠራላቸው የቆሙ ክፍሎችም ነበሩ፤ እነዚያ እንደ እኔው ትምህርት ክፍል ተጠባባቂ እየተፈራረቀባቸው ደክመዋል።

ከእነርሱ መካከል እኔ የምወደው የሁልያን ሳሞራን ነገር ነው። ይህ ሰው በኮሎራዶ ተወልዶ፣ ከሜክሲኮ ዝርያ አሜሪካውያን መካከል በኅብረተሰብ ጥናት የዶክትሬት ማዕርግ ካገኙት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ኖትር ዳም በሚባለው ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። ከ1971 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ድረስ ለወገኖቹ ልጆች የከፍተኛ ትምህርት ፕሮግራም መራ፤ ከ50 በላይ ተማሪዎች በእጁ አለፉ። ሃምሳ ሰው በአሥራ አራት ዓመት! በሪፖርት ላይ ሲጻፍ ኢምንት ቍጥር ነው፤ የእኛ መሥሪያ ቤት ቢሆን «አፈጻጸሙ ዝቅተኛ» ተብሎ ማብራሪያ በተጠየቀበት ነበር። ነገር ግን ከእነዚያ መካከል ብዙዎቹ በየዩኒቨርሲቲው መምህራን ሆነው በተራቸው ሌሎችን አስተማሩ። ጀማሪውን የቀደመው የሚያስነግርበት የአባቴ ቅኔ ቤት በሌላ አህጉር የቆመ መሰለኝ።

እንግዲህ ረቡዕ ማታ ያችኑ የቀረችኝን ደብተር በጋዜጣ ጠቅልዬ እኅቴ ቤት ሄድሁ። በልቤ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረ፤ ልጂቱ ግን ቀድማኝ ሥራ ሠርታለች።

«ጋሼ፣ በክፍሉ የሚማሩ ሦስት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች አግኝቼ ጠየቅኋቸው» አለችኝ።

«ምን ብለሽ?»

«የምትጽፉትን ማን ያነበዋል? ከተነበበስ በኋላ የት ይቀመጣል? አልኋቸው።»

አንዱ ተማሪ «ምን አገባሽ?» ብሎ ሄደ። ሁለተኛዋ መጻሕፍት ቤት ወስዳ የቀደሙትን ተማሪዎች ጽሑፍ የተደረደረበትን አሳየቻት፤ ከመደርደሪያው ግማሽ ያህሉ አቧራ ለብሷል፤ ግን አለ። ሦስተኛዋ ደግሞ ስለ አንዲት መምህርት አማረረች። እኒያ መምህርት የሰጧቸውን ወረቀት ሁሉ በቀይ ቀለም እያቀለሙ ስለሚመልሱ ተማሪው እንደ ቸነፈር ይሸሻቸዋል፤ አንዱን ምዕራፍ አራት ጊዜ ያስጽፋሉ።

«እኔ እርሳቸውን ነው የምፈልገው» አለች ልጂቱ።

እኅቴ ከመሶቡ ቀና ብላ «ሥራውስ? ከተመረቀች በኋላ ማን ይቀጥራታል?» አለች፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ይህ የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። ባል የሞተባት ሴት ናት፤ ሁለት ልጅ ከኋላ አላት፤ እንጀራ እየጋገረች ለጎረቤት ሆቴል በማቅረብ ነው ያሳደገቻቸው። የዚህ ትምህርት ምሩቅ መምህር፣ ጋዜጠኛ፣ አርታኢ፣ ተርጓሚ ይሆናል ብዬ ብቈጥርላት አብዛኛውን ጊዜ ደመወዙ ትንሽ መሆኑን ታውቃለች፤ እኔንም ታየኛለች። ስለዚህ እርግጠኛ ያልሆንሁበትን ተስፋ አልሰጠኋትም። «እኅቴ፣ እኔ ሥራ ያጣሁት አማርኛ በመማሬ ይሁን ሳልማረው በመመረቄ እስከ አሁን ለይቼ አላወቅሁትም» አልኋት። ሳቀች፤ ሳቋ ግን እሺታ አልነበረም።

ረጅም ክርክር ሆነ። በመጨረሻ የደረስንበት ስምምነት እንዲህ ያለ ነው፤ አማርኛው በአንደኛው መስመር ይሁን፤ ልጂቱም ማታ ማታ የኮምፒውተርና የሒሳብ አያያዝ ኮርስ ትውሰድ፤ የኮርሱን ክፍያ እኔ ልሸፍን። እንግዲህ ምክር ለመስጠት ሄጄ ዕዳ ገብቼ ተመለስሁ ማለት ነው። ሐሙስ ጧት ልጂቱ እርሳሱን በላጲስ አጥፍታ በእስክሪብቶ ጻፈችው።

ደብተሬን ግን ሳትሰጠኝ ቀረች። ሌሊቱን አንብባው ኖሮ በማግሥቱ ደውላ፣ «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች አሁንም አሉ?» አለችኝ። ሽማግሌው እንዳረፉ ሰምቻለሁ፤ ልጃቸው ግን ታንኳ ይሠራል ይባላል አልኋት። በልጅነቴ ስለ ግሽ አባይ ምንጭ፣ ይኸውም ሰፈራችን ስሙን ስለ ወሰደበት ስለ ሰከላው፣ አያቴ የነገረችኝን ተረክሁላት፤ ጻድቁ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ወታደሮች ሲይዟቸው መጻሕፍታቸውን ለአባይ ውሃ አደራ ሰጥተው ሄዱ፤ ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ ውሃው አንዲት ገጽ ሳያረጥብ መለሰላቸው ይላል ትውፊቱ። ልጂቱ ከስልኩ ወዲያ ሳቀችና «የእርስዎን ግን ኮሪደር በላው» አለችኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ውሃው በነፋስ ይናወጣል፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጣናን ያስቸገረው እምቦጭ በሰሜን በኩል በርትቷል እየተባለ ይወራል፤ በዚህ በኩል ግን ጥቂት ዘለላ ብቻ ከዳር ተጠግቶ ይታይ ነበር። የሽማግሌውን ልጅ አገኘነው፤ ጠጕሩ ሸብቷል፤ ከጐኑ የደንገል ነዶ ተከምሯል። አባቱን እንደማውቅ ስነግረው ቦታ ለቀቀልንና ተቀመጥን። ልጂቱ ደብተሬን ገልጣ ከእኔ ጽሕፈት ላይ አንድ በአንድ ታነብለት ጀመር። እርሱም እጁ ሥራ ሳይፈታ «አዎን፤ አዎን» ይላል። ከሌሊቱ ነፋሳት ያንዱን ስም ስታነብ ግን እጁ ቆመ።

«ይህንን ማን አለ?»

«አባትዎ» አልሁት።

«አባቴ እንዲህ አላለም። በደንብ አልሰማኸውም» አለና ቃሉን ቀስ አድርጎ፣ ሁለት ጊዜ፣ ነገረን። የመጀመሪያውን ፊደል ነው የሳትሁት።

ልጂቱ ወደ እኔ ቀና ብላ አየችኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁላት። ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች፤ ቀዩን ነበር። የጻፍሁትን ቃል በአንድ መስመር ሰረዘችና ከላዩ ላይ ትክክለኛውን ጽፋ፣ «ቀጣዩን ላንብብ?» አለችው።